በስንት ጩኸት ቀዘቀዘ?

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ወጣት ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ሱቄ መጣ። ዕቃ በጋቢ ተጠቅልሎ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሥራው መጻሕፍትን በድምፅ መተረክ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋን በብርድ ልብስና በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ ስቱዲዮ አድርጓታል። የመንገዱን ጩኸት አስቀርቷል፣ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ታግሷል። ያቃተው የገዛ ዕቃው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲፒዩ አብሮኝ ይተርካል» አለኝ።

ስልኩን አውጥቶ አሰማኝ። ድምፁ ደስ ይላል፤ ከበስተኋላው ግን ከሩቅ ያለ ወፍጮ ቤት የሚመስል፣ የማያቋርጥ ሹክታ አለ። ተራኪው ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ባለ ቁጥር ወፍጮው ብቻውን ይቀራል።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አገር ሲፒዩ የምንለው ሳጥኑን በሙሉ ነው። ትክክለኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ዕቃ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ከላዩ የተጫነው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ሂትሲንክ ይባላል፤ አናቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ፋን ይታሰርበታል። ልጁ ቤት ሲፈጭ የሚያድረው ይሄ ፋን ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አዲስ ሂትሲንክ ገዝቶ አስገጥሟል፤ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ ካርቶኑ ላይ «ሳይለንት» ተብሎ የተጻፈበት። የሸጠለት ሰው «ከዚህ የበለጠ የሚያቀዘቅዝ የለም» ብሎታል። ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይሉ አሠርቼ ሙቀቱን አየሁት፤ 63 ዲግሪ። ጥሩ ነው። ፋኑን አየሁት፤ በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ይሽከረከራል።

«ሰውዬው አልዋሸህም፤ ግማሹን ነው የነገረህ» አልኩት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ቀሪው ግማሽ ነው። ኮምፒዩተር መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «ስንት ዲግሪ ያወርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሞልቷል። «በስንት ጩኸት?» ብሎ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጩኸቱን ሳይጠሩ ቅዝቃዜውን ብቻ መናገር ዋጋውን ነግሮ ኪሎውን እንደ መደበቅ ነው። ማንኛውም ሂትሲንክ ፋኑን እስኪያብድ ካሽከረከሩት ያቀዘቅዛል፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው በዝምታ ስንት ዲግሪ እንደሚያወርድ ነው።

ነገሩ ከምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኢንቴል 386 የተባለ ፕሮሰሰር ሂትሲንክ የሚባል ነገር ሳይጫንበት ይሠራ ነበር። የዛሬ የቢሮ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ 65 ዋት ተብሎ ይሸጣል፤ ኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሙቀት ከዚያች ትንሽ ገላ ወጥቶ ወደ አየር መሄድ አለበት። ካልሄደ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደንበኛው «ኮምፒዩተሬ ደከመ» የሚለኝ ያኔ ነው።

መዳብ ሙቀትን ከአልሙኒየም ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ያስተላልፋል፤ ግን ከባድና ውድ ነው። ስለዚህ ደህና ሂትሲንክ ላይ ፕሮሰሰሩን የሚነካው መዳብ፣ ክንፎቹ አልሙኒየም ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ሙቀቱን የሚያሻግረው ሂትፓይፕ የሚባለው ቱቦ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አየሩ ተመጥጦ በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ጫፍ ሲሞቅ ውሃው ይተናል፤ እንፋሎቱ ክንፎቹ ጋ ሄዶ ሙቀቱን ጥሎ ጠብታ ይሆናል። ልዩነቱ ጠብታው ለጠጪ አይቀዳም፤ የቱቦውን ውስጠኛ ግድግዳ ይዞ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ጆርጅ ግሮቨር የተባለ ተመራማሪ ይህን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ አሳየ። ዛሬ በየሱቁ ባለ አራትና ባለ ስድስት ቱቦ እያልን የምንሸጠው የእሱን ሐሳብ ነው።

የመጨረሻው ሥራ የፋኑ ነው፤ ጩኸቱም ያለው እዚህ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ጩኸቱ ግን በ15 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው የሚሰማው። ሙቀቱስ? ክንፉ ሰፊ ከሆነ አየሩ በግማሽ ስለቀነሰ ብቻ ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ ጥቂት ዲግሪ ነው የሚጨምረው። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዲግሪዎች በርካሽ ይገኛሉ፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ግን በጆሮ ይከፈላሉ።

ይህን በዓይኔ ለማየት አንድ ምሽት ሱቁን ዘግቼ ሦስት ሂትሲንኮች በአንድ ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ላይ ተራ በተራ ገጠምኩ። አንደኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር በነፃ የሚመጣው ድፍን አልሙኒየም ነው። ሁለተኛው የተራኪው ልጅ ባለ መብራት፣ ሦስተኛው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የሚያክል (ለኮምፒዩተር ማለቴ ነው) ባለ ሁለት ፋን። ፋኖቹን እስከ መጨረሻው ለቀቅኳቸው። የነፃው 84፣ የልጁ 63፣ ትልቁ 58 ዲግሪ ላይ ቆሙ። ካርቶን ላይ የሚጻፈው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው፤ በዚህ ከሄድን በልጁና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ዲግሪ ብቻ ነው።

ቀጥዬ ሌላ ፈተና ሰጠኋቸው። የስልኬን ድምፅ መለኪያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀምጬ ሦስቱም እኩል ዝቅ ያለ ድምፅ እስኪያሰሙ ፋኖቹን ቀነስኩ። የስልክ መለኪያ ለላቦራቶሪ አይበቃም፤ አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። አሁን የነፃው 95ን አልፎ ፕሮሰሰሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። የልጁ 70 ላይ ቆመ። ትልቁ 60። አምስት የነበረው ልዩነት አሥር ሆነ፤ ከነፃው ጋርማ ማወዳደርም ቀረ። ሂትሲንክ ማወዳደር ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ጩኸቱን እኩል አድርግ፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩን አንብብ። ጩኸታቸው ያልተስተካከለ ሁለት ሂትሲንኮችን ማወዳደር አንዱ ሯጭ ቁልቁል፣ ሌላው ሽቅብ እየሮጠ ማን ቀደመ እንደ ማለት ነው።

ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ሂትሲንክ የሚፈተነው በአብዛኛው ለባሕር ወለል በቀረበ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አየራችን በዚያው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚቆጥረው ኪሎ ሳይሆን ሊትር ነው። እዚህም እዚያም እኩል ሊትር ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ግን ሙቀት የሚሸከመው አየር እዚህ ያንሳል። ቅዝቃዜው ሙሉ ሩቡን ባይቀንስም የተወሰነውን እናጣለን። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምፒዩተራችሁ «95 ዲግሪ» ካላችሁ ፕሮሰሰሩ ምድጃ ላይ ከሚንተከተከው ውሃ በላይ ሞቋል ማለት ነው።

የሚያካክሰው ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሂትሲንክ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማውረድ አይችልም፤ ማጥበብ የሚችለው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 60 ቢሆን፣ ሰመራ ውስጥ 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ያው ዕቃ ወደ 80 ይጠጋል። የሰመራው አየር ወፈር ስለሚል ጥቂት ያግዘዋል እንጂ ሃያዋን አይመልስለትም። ስለዚህ አንድ ሰው «የእኔ 60 ነው» ሲላችሁ «ክፍሉስ?» በሉት።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው የዴሲቤል ቁጥርም የራሱ ብልሃት አለው። ድምፅ በስንት ርቀት እንደተለካ ካልተነገረ ቁጥሩ ባዶ ነው። በአንድ ሜትር ተለክቶ 25 ዴሲቤል የሆነ ፋን በ30 ሳንቲ ሜትር ቢለካ 35 ገደማ ይሆናል፤ ፋኑ ያው፣ ጩኸቱም ያው። አንዳንዱ ደግሞ ቅዝቃዜውን በከፍተኛው ፍጥነት፣ ጩኸቱን በዝቅተኛው ፍጥነት ለክቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጽፋቸዋል። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን አይገኙም።

አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ሙቀቱን ብቻ ማንበብም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲበዛባቸው ሆን ብለው እስከ 95 ዲግሪ እንዲወጡ ተደርገው ነው የተሠሩት። ደካማ ሂትሲንክ ብትጭኑም 95፣ ጠንካራም ብትጭኑ 95 ልታዩ ትችላላችሁ። ልዩነቱ የሚታየው በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ላይ ነው፤ ጠንካራው ሲጫን ፕሮሰሰሩ በዚያው ሙቀት የበለጠ ይሮጣል። ቴርሞሜትር ብቻ የያዘ ሰው ሁለቱን እኩል ናቸው ብሎ ይፈርዳል።

በዚህ ጉዳይ ትልልቆቹም ተሳስተዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣውን አፕል 3 የተባለ ኮምፒዩተር ስቲቭ ጆብስ ፋን አይኑረው አለ፤ ዕቃው ዝም አለ፣ ግን ጋለ፣ ስሙም በብልሽት ቀረ። ኢንቴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሬስኮት የተባለውን ፔንቲየም 4 አወጣ፤ ፍጥነትን ሲያሳድድ ሙቀቱ በዛ፣ ፋኑም አብሮ ጮኸ። በዚያው ዓመት 4 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን ፕሮሰሰሩን ሰርዞ መንገድ ቀየረ። አንዱ ጆሮን ብቻ፣ ሌላው ፍጥነትን ብቻ አዳመጠ።

«ምን ይገዛ?» ለምትሉኝ አጭር መልስ አለኝ። ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ባለ 140 ሚሊ ሜትር ሁለት ፋንና ባለ ስድስት ሂትፓይፕ ነው፤ ቡናማ ፋኑ አያምርም፣ ዝም ማለት ግን ይችልበታል። ከነፋኑ ከ1.3 ኪሎ ይበልጣል፤ ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሳጥናችሁን ሳትለኩ አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የታይዋኑ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ደግሞ በዚያ ዋጋ ሲሶ ገደማ ተሽጦ፣ ገምጋሚዎች ሁለቱን ሲያስተያዩአቸው ልዩነቱ የጥቂት ዲግሪዎች ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ውድ ሁሉ ጸጥተኛ፣ ርካሽ ሁሉ ጯሂ አይደለም። በውሃ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ፓምፕ የሚባል ሌላ ድምፅ ያለው ዕቃ ይጨምርላችኋል፤ 65 ዋት ለሆነ የቢሮ ኮምፒዩተር ያንን መግዛት ለአንድ ሰው ቁርስ በሬ መጣል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሳጥኑን ክፈቱት። ባለፈው በጋ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒዩተራቸውን ላኩልኝ። እሳቸው የላኩት «ዘገየ» ብለው እንጂ «ጮኸ» ብለው አይደለም። ስከፍተው በፋኑና በክንፎቹ መካከል ከአቧራ የተዳመጠ ቁራጭ ነገር አለ፤ በጣቴ ስስበው እንደ ጨርቅ ሳይበጣጠስ ወጣ። ብሎወር ነፋሁበት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቅባት ነው) በአልኮል ጠርጌ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አደረግሁ። ማታ ሲመጡ አበራሁላቸው።

«አልበራም እንዴ?» አሉኝ፤ ስክሪኑ ከፊታቸው በርቶ እያለ።

ለዓመታት መብራቱን ሳይሆን ጩኸቱን ነበር የበራ ምልክት ያደረጉት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጩኸቱ ጋር ተቀምጠው ከቁጥር ጋር ሲታገሉ፣ የራስ ምታቱን ምክንያት በመነጽራቸው ላይ ሲያሳብቡ ኖረዋል። ያስከፈልኳቸው የጽዳት ብቻ ነው።

«ይሄ ሁሉ የሀብታም ጉዳይ ነው፤ እኛ ኮምፒዩተሩን ራሱን መቼ አገኘነውና» የሚል ሰው አይጠፋም። ደንበኞቼም ይሉኛል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማየው። ሀብታሙ ኮምፒዩተሩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይችላል። ጩኸቱ የሚከብደው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር፣ ለሚሠራና ለሚያጠና ሰው ነው። የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍልን አስቡት። 40 እኩል የሚጮሁ ኮምፒዩተሮች ከአንድ ሰው እኩል ርቀት ላይ ቢቀመጡ ድምፃቸው ከአንዱ በ16 ዴሲቤል ይበልጣል። መምህሯ ያንን ለማሸነፍ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ግማሹን ይሰማል። የእነዚያ ኮምፒዩተሮች ሂትሲንክ በጥቂት ዶላር የተሻለ ቢሆን ኖሮ የመምህሯ ጉሮሮ ያርፍ ነበር።

ወደ ተራኪው ልጅ ልመለስ። አዲስ ዕቃ እንድሸጥለት ጠብቆ ነበር። ባዮስ የሚባለው የኮምፒዩተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የፋኑን ፍጥነት ወደ 1000 ዙር አወረድኩት። ሙቀቱ ከ63 ወደ 70 ወጣ።

«ጋሼ፣ 70 አይበዛም?»

«የአንተ ፕሮሰሰር ወሰኑ 100 ነው። ሰባቷን ዲግሪ የምትፈራት አንተ ብቻ ነህ፤ እሱ አያውቃትም።»

ሳጥኑን ከጠረጴዛው ላይ አውርዶ ከማይክሮፎኑ ራቅ አድርጎ እንዲያስቀምጠው ነገርኩትና ሸኘሁት። በሳምንቱ በስልክ የላከልኝን ትረካ ሰማሁት። ተራኪው ዝም ሲል፣ ዝም ነው። ዶሮው ግን አለ፤ እሱ ባዮስ የለውም።

ለገዢው ያለኝ ምክር ይሄው ነው፤ ለሻጩ ሦስት ጥያቄ፦ ስንት ዋት ላይ፣ ስንት ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ በስንት ጩኸት? ከዚህ በላይ የምለምነው ኮምፒዩተር በመቶ የሚገዙትን መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ነው። እጄ የገቡ የጨረታ ሰነዶች ላይ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠን፣ የስክሪኑ ኢንች፣ አንዳንዴም የሳጥኑ ቀለም ተጽፎ አይቻለሁ። ስለ ድምፅ የሚል አንድ መስመር አላየሁም። የሚከተለውን ገልብጣችሁ አስገቡት፤ ክፍያ አልጠይቅም፦ «ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይሉ ለ30 ደቂቃ ሲሠራ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰማው ድምፅ ከ35 ዴሲቤል አይበልጥም፤ ፍጥነቱም አይቀንስም።»